ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች መለየት፣ መመዝገብና ማደል፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠሩ ፋርማሲዎች

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል 100 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ አንድ ፍሬ ታዞለት ማዘዣውን ይዞ ወደ ሠፈሩ ይመለሳል። ሠፈሩ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ከሆነ መድኃኒቱን ፍለጋ እንደገና ሁለት ታክሲ ይዞ መሀል ከተማ መውረድ አልነበረበትም። የመድኃኒቱን የቁጥጥር ምድብ በውል የማያውቅ ባለሙያ ጋ ከደረሰ ግን ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ «ይሄ ከባድ መድኃኒት ነው፣ እኛ አንይዝም» ተብሎ ይመለሳል፤ ወይ ማዘዣው በወጉ ሳይታይ እንደ ፓራሲታሞል ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ሕግ መጣስ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ሰው ይጎዳል፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ከቀድሞው የባሰ፣ አንዳንዴም ሳያባራ የሚደጋገም የሚጥል ሕመም ያስነሳልና።

የቁጥጥሩ ሕግ ሲጻፍ ሁለቱም ታስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የናርኮቲክ (አደንዛዥ) መድኃኒቶች ስምምነትም ሆነ በ1971 የተከተለው የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ) ንጥረ ነገሮች ስምምነት በመግቢያቸው ያሰፈሩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ለሕክምና የግድ ያስፈልጋሉ፣ ለታማሚ እንዳይደርሱ መሰናክል ሊሆንባቸው አይገባም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ምድቡን ከማንበብ ተነሥቶ እስከ ቁም ሳጥኑ ቁልፍ ይወርዳል።

ምድቡን ማንበብ

መነሻው ሦስት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ናቸው። የ1961ዱ ናርኮቲክ የሚባሉትን ይይዛል፤ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፈንታኒል፣ ሜታዶን፣ ኮዴይን፣ ከሕክምና ውጪ ደግሞ ሄሮይንና ካናቢስ። የ1971ዱ ሳይኮትሮፒክ የሚባሉትን ይይዛል፤ ዳያዜፓም፣ ፌኖባርቢታል፣ አልፕራዞላም፣ ክሎናዜፓም፣ ሜቲልፌኒዴት። የ1988ቱ አደንዛዥ ዕፅ ለማምረት መነሻ የሚሆኑትን ኬሚካሎች ይዘረዝራል፤ ፕሪከርሰር የምንላቸውን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም የመድኃኒት ስምምነቶች ከ1 እስከ 4 የተቆጠሩ ሠንጠረዦች አሏቸው፤ የቁጥሮቹ ትርጉም ግን አንድ አይደለም። በ1971ዱ ሠንጠረዥ 1 ከሁሉ የጠበቀ ነው፤ ወደ 4 ሲወርድ ቁጥጥሩ እየላላ ይሄዳል። ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል ያሉት 4 ላይ ነው። በ1961ዱ ደግሞ ሠንጠረዥ 4 እጅግ አደገኛ ተብለው ከሠንጠረዥ 1 ውስጥ ተመርጠው በተጨማሪ የተመዘገቡትን ነው የሚይዘው፤ ሄሮይን እዚያ አለ። በዚህ ስምምነት ቀላሉ 3 ነው። ስለዚህ «ሠንጠረዥ 4 ነው» ብሎ የስምምነቱን ስም ያልጠራ ሰው ገና ምንም አልነገረንም። መዝገብዎ ላይ ሲጽፉ «ሳይኮትሮፒክ፣ ሠንጠረዥ 4» ብለው ሙሉውን ይጻፉ።

ከኢንተርኔት ላይ ያነበቡትን ምድብም እንዳለ አይቅዱ። አሜሪካኖች ከ1 እስከ 5 የሚሄድ የራሳቸው ምድብ አላቸው፤ በእነሱ ሞርፊን 2 ሲሆን በ1961ዱ ስምምነት ግን 1 ነው። ወጣት ባለሙያዎች በስልካቸው ፈልገው የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካኑን ነው፣ ከዚያም ከኢንስፔክተር ጋር ይከራከራሉ።

ኮዴይን ለብቻው መታየት አለበት። ንጥሩ ኮዴይን የ1961ዱ ሠንጠረዥ 2 ነው። ከሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ፍሬ ከ100 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ከሆነ፣ ሽሮፕ ሲሆን ደግሞ መጠኑ ከ2.5 በመቶ ካላለፈ፣ ወደ ሠንጠረዥ 3 ይወርዳል። ስሌቱ ቀላል ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ በ1 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ይህ 0.2 በመቶ ነው። 2.5 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም ስለሆነ ሽሮፑ ከጣሪያው በጣም በታች ነው። ሆኖም ስምምነቱ ላላ ማለቱ ያለ ማዘዣ ሽጡት ማለት አይደለም። ስምምነቶቹ ዝቅተኛውን ወለል ብቻ ያስቀምጣሉ፤ እያንዳንዱ አገር ከዚያ በላይ ማጥበቅ ይችላል። ትራማዶልን ይውሰዱ፤ በሁለቱም ስምምነቶች ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፣ ብዙ አገሮች ግን አላግባብ መጠቀም ሲበዛባቸው በራሳቸው ሕግ አጥብቀውበታል። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዝርዝር ነው። አዲሱን ዝርዝር አትመው ከማደያው ጀርባ ይለጥፉት፤ ሲሻሻል አሮጌውን ያንሱ።

ሠንጠረዦቹ ይለወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ይመክራሉ፣ ቪየና የሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ኮሚሽን ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2020 በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስ ከ1961ዱ ሠንጠረዥ 4 ወጥቷል። ያኔ «ተፈቀደ» የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር፤ ውሸት ነው። ሠንጠረዥ 1 ላይ እንዳለ ነው፣ በአገራችን ሕግም ክልክል ነው። ስለ ጫትም የሚጠይቅ አይጠፋም። ቅጠሉ በየትኛውም ሠንጠረዥ የለም። በውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ግን ተለይተው ሲወጡ በ1971ዱ በቅደም ተከተል ሠንጠረዥ 1 እና 3 ላይ ይገኛሉ።

ፕሪከርሰሮቹ ፋርማሲ ውስጥ የሉም ብለው አይዘንጉ። ኤፌድሪን፣ በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን፣ የወሊድ ደም መፍሰስ የሚያቆመው ኤርጎሜትሪን፣ ለቁስል ማጠቢያ የሚሆነው ፖታሺየም ፐርማንጋኔት ሁሉም የ1988ቱ ስምምነት የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ላይ ናቸው። አንድ ሰው ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት በካርቶን ልግዛ ካለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቢያስነጥስ እንኳ ያን ያህል አያስፈልገውም። አይሽጡለት፣ ማስታወሻ ይያዙ፣ ለተቆጣጣሪው ያሳውቁ።

የአገሪቱ ሕግና የሠፈርዎ ተቆጣጣሪ

አሁን የሚሠራው ሕግ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በእንግሊዝኛው በኩል 1112/2019 ተብሎ ይገኛል፤ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነው፣ ሁለት አዋጅ የለም። የወንጀሉ ጎን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ተቀምጧል። ያለ ልዩ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከማቸት፣ ማከፋፈል፣ ለሽያጭ ማቅረብ ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። «ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ» የምትለዋን ሐረግ ባለ ፋርማሲ ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ ሊያነባት ይገባል። የንግድ ፈቃድም የብቃት ማረጋገጫም ያለው ሰው ከደረጃው በላይ የሆነ መድኃኒት ይዞ ከተገኘ ሐረጓ እሱንም ትመለከተዋለች።

ደረጃውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት የሚይዙት ዝርዝር አንድ አይደለም። ብቃት ማረጋገጫዎ ላይ ያለውን ደረጃ ይመልከቱ፣ ለዚያ ደረጃ የተፈቀደውን ዝርዝር ያውጡ፣ መደርደሪያዎን በእሱ ያመሳክሩ። ከቀድሞው ባለቤት ጋር ዕቃውን ጠቅልለው የገዙ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ ይቀራሉ፤ ከጥግ የተገኘች አንዲት የዳያዜፓም ጣሳ ግን የአዲሱ ባለቤት ጥፋት ሆና ትመዘገባለች።

በዳርቻው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ተቆጣጣሪዎ ማን ነው? ባለሥልጣኑ በፌደራል ደረጃ መድኃኒት ይመዘግባል፣ አስመጪንና አምራችን ይቆጣጠራል። የችርቻሮ ፋርማሲን ፈቃድ የሚሰጠውና በሩን የሚያንኳኳው ግን የከተማው ወይም የክልሉ ተቆጣጣሪ ነው። አያት ያለ ፋርማሲ ወደ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሄዳል። ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ለገጣፎ ያለው ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ነው፤ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላንም እንዲሁ። ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ሰው ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ከሆነ ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት የሪፖርት መንገድ ይኖረዋል። «የራሴ ሱቅ ነው» ብሎ ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት ከአንዱ ወደ ሌላው በዘንቢል ማዘዋወር በሰነድ ያልተደገፈ ማስተላለፍ ነው፤ ይህን ከማድረግዎ በፊት ተቆጣጣሪውን ይጠይቁ።

መረከብ፣ መቆለፍ፣ መመዝገብ

ፈቃድ ካለው ጅምላ አከፋፋይ ብቻ ይግዙ፤ ደረሰኙ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬ፣ ብዛት፣ የባች ቁጥርና ማብቂያ ቀን ይኑሩ። የመንግሥት ጤና ተቋም ከሆኑ መቀበያ ቅጹ ሞዴል 19፣ ማውጫ ቅጹ ሞዴል 22 ነው። ዕቃውን ራሱ ኃላፊው ባለሙያ ይረከብ፤ በላኪ ልጅ ወይም በሚኒባስ ረዳት እጅ አይላክ። ከመፈረምዎ በፊት ይቁጠሩ። ባለ 1,000 ፍሬ ጣሳ ማሸጊያው ካልተነካ እንደ 1,000 ይመዘገባል፤ ሲከፈት ግን በዚያው ቀን ተቆጥሮ ትክክለኛው ቁጥር ይጻፍ። ተሰባብሮ ዱቄት የሆነ ፍሬ ካለ አይጣል፤ በትንሽ ፌስታል ታሽጎ፣ «የተበላሸ» ተብሎ፣ በመዝገብ ገብቶ እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ቁም ሳጥኑ ከግድግዳ ጋር የታሰረ፣ ድርብ ቁልፍ ያለው፣ ከደንበኛ ዓይን የራቀ ይሁን። የኮንዶሚኒየም ግራውንድ ሱቆች ብዙ ጊዜ የኋላ መስኮት አላቸው፤ ከመስኮቱ ሥር አያድርጉት፣ ፀሐይም ሌባም በዚያ ይገባሉ። ቁልፉ በኃላፊው ባለሙያ ኪስ ይዋል። ካዝና መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ቁልፍ የሁሉም ሰው ቁልፍ ነው።

ለእያንዳንዱ መድኃኒትና ለእያንዳንዱ ጥንካሬ የተለየ ገጽ ይያዙ። ዳያዜፓም 5 ሚሊ ግራምና 10 ሚሊ ግራም አንድ ገጽ ላይ ሲጻፉ ነው አብዛኛው የቆጠራ ስሕተት የሚወለደው። ገጾቹ አስቀድመው ቁጥር የተሰጣቸው፣ ተጠርዘው የተሰፉ ይሁኑ፤ የሚነቀል ወረቀት አይሆንም። በየመስመሩ ቀን፣ ከማን እንደመጣ ወይም ለማን እንደወጣ፣ የማዘዣው ቁጥር፣ ያዘዘው ሐኪም፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ፊርማ ይግቡ። የፌኖባርቢታል 100 ሚሊ ግራም ገጽ ለምሳሌ እንዲህ ይሄዳል፦ ካለፈው ወር የዞረ 140፤ ገቢ 1,000፣ ቀሪ 1,140፤ ወጪ 30፣ ቀሪ 1,110፤ ወጪ 60፣ ቀሪ 1,050፤ ወጪ 90፣ ቀሪ 960። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ጎኑ ላይ ትክክለኛው ተጽፎ ቀንና ፊርማ ይግባ። በነጭ ቀለም የተሸፈነ ቁጥር ከስሕተቱ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል።

የሚጻፈው መድኃኒቱ ሲሰጥ፣ በዚያችው ቅጽበት ነው። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ማዘዣዎቹን ሰብስቦ መጻፍ የተለመደ ነው፤ የቁጥር መዛባትም በብዛት የሚመጣው ከዚህ ልማድ ነው።

ማዘዣውን መመርመር

ናርኮቲክ የራሱ፣ ሳይኮትሮፒክም የራሱ ልዩ ማዘዣ አለው፤ በተራ ማዘዣ ወረቀት የተጻፈ ፔቲዲን አይታደልም። ወረቀቱን ሲቀበሉ የታካሚው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የካርድ ቁጥርና አድራሻ፣ የበሽታው ምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒቱ ጠቅላላ ስም፣ ጥንካሬው፣ አወሳሰዱ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ከዚያም ያዘዘው ባለሙያ ስም፣ ሙያ፣ የምዝገባ ቁጥርና ፊርማ፣ ቀኑና የተቋሙ ማኅተም መኖራቸውን ይዩ። ብዛቱ በአኃዝም በፊደልም ቢጻፍ ይመረጣል፤ «30 (ሠላሳ)» የሚለውን ወደ 80 መለወጥ አይቻልም፣ ባዶውን 30 ግን አንድ የብዕር ጭረት ትበቃዋለች። ስሌቱንም ራስዎ ይሥሩ፤ በቀን አንድ ለ30 ቀን 30 ነው፣ ወረቀቱ 90 ካለ አንዱ ተሳስቷል።

ቀን ላይ ይጠንቀቁ። ማዘዣው ላይ 12/3/2018 የሚለው ኅዳር 12 ቀን 2018 ነው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2025። በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበበው ሰው የሰባት ዓመት አሮጌ ወረቀት መስሎት ታማሚውን ይመልሳል። የመድኃኒቱ ጣሳ ላይ ያለው ግን ሁልጊዜ የፈረንጆቹ ነው። 08/2026 የተባለ መድኃኒት ነሐሴ 25 ቀን 2018 ላይ ያበቃል፤ እንደኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ለዓመታት ያድለዋል።

የተጭበረበረ ማዘዣ የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች አሉት። የብዕሩ ቀለም በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ይሆናል፤ ያው ሰው በአንድ ሳምንት ከሦስት የተለያዩ ተቋማት ወረቀት ያመጣል፤ ዋጋ ሳይጠይቅ የፋብሪካ ስም መርጦ ሌላውን እምቢ ይላል። አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ከአማኑኤል ሆስፒታል ወይም ከጥቁር አንበሳ የመጣ የሩቅ ወረቀት በዳርቻ ሠፈር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሰውን በወረፋ መሀል ሌባ አይበሉ። ወደ ተቋሙ ይደውሉ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስልክ ሳይሆን ራስዎ ያገኙትን ይጠቀሙ። ሐሰት ከሆነ አያድሉ፣ ዝርዝሩን ይመዝግቡ፣ ለተቆጣጣሪው ያሳውቁ።

ማዘዣው እውነተኛ ሆኖ አንድ ነገር የጎደለው ታካሚ ደግሞ ባዶ እጁን አይሂድ። ማኅተም ከጎደለ ወይም ልዩ ማዘዣው ካልሆነ ያዘዘውን ባለሙያ በስልክ ያግኙ፤ የጎደለው ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ለታካሚው ይስጡት፣ ሁለተኛ ጊዜ በከንቱ እንዳይመላለስ። መድኃኒቱ ዛሬ ማታ የሚያልቅበት ከሆነ በአቅራቢያው ሌሊት ወደሚሠራው ጤና ጣቢያ ይምሩት፤ እዚያ ታይቶ በወጉ ሊታዘዝለት ይችላል። «ለዛሬ ሁለት ፍሬ ላንሣልህ» ማለት ርኅራኄ ቢመስልም ቆጠራው ላይ ሁለት የጎደለ፣ ሕጉ ላይ ደግሞ ያለ ማዘዣ የተሸጠ ሆኖ ይቀራል።

ሲያድሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጎረቤት በማይሰማበት ይናገሩ። ባጃጅና አይሱዙ የሚነዱ፣ እንጨት ቤት በማሽን የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ዳያዜፓምም ፌኖባርቢታልም እንደሚያስተኙ፣ ከጠላም ከአረቄም ጋር እንደማይሄዱ፣ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት እንደማይቋረጡ በግልጽ ይንገሯቸው። ልጅ ካለበት ቤት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ቆጠራው ሳይገጥም ሲቀር

በየሳምንቱ ይቁጠሩ፤ በትሪና በማንኪያ፣ በአምስት አምስት፣ ሁለተኛ ሰው ባለበት። መዝገቡ 960 ብሎ ጣሳው 955 ካወጣ አምስቱን ፍሬ ከሌላ አምጥቶ መሙላትም ሆነ ቁጥሩን ማስተካከል አይደረግም። መጀመሪያ መደመሩን ከመጨረሻው ትክክለኛ ቆጠራ ጀምሮ ደግመው ይሥሩ። ቀጥሎ የማዘዣዎቹን ጥራዝ ከመዝገቡ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ፤ አንድ ማዘዣ ሳይጻፍ ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ የሌላውን ጥንካሬ ገጽ ይዩ፤ 30 ሚሊ ግራሙ አምስት ከተረፈው ጥፋቱ ተገኘ፣ ግን ለታካሚው የተሳሳተ ጥንካሬ ተሰጥቷል ማለት ነውና ዛሬውኑ ይደወልለት። ጣሳው ሲከፈት ተቆጥሮ ነበር? ካልተቆጠረ ከፋብሪካው ጎድሎ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ማረጋገጥ ግን አይቻልም። ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ ጉድለቱ በጽሑፍ ተይዞ ለተቆጣጣሪው ሪፖርት ይደረግ። ራሱ ሪፖርት ያደረገውና ተይዞ የተገኘው እኩል አይታዩም።

ክሊኒክ ውስጥ የመርፌ መድኃኒት አምፑል የሚጠቀሙ ከሆነ ግማሹ የሚቀረውም ይቆጠራል። 10 ሚሊ ግራም ሞርፊን ተከፍቶ 4 ከተሰጠ፣ 6ቱ በሁለት ባለሙያዎች ፊት ተወግዶ ሁለቱም ይፈርማሉ። ባዶ አምፑሉም ተመልሶ ይቆጠራል።

ጊዜው ያለፈበት ወዲያው ከሚታደለው ተለይቶ፣ በቀይ «አይታደልም» ተብሎ፣ እዚያው ቁልፍ ሥር ይቀመጥ። ዝርዝሩን በስም፣ በጥንካሬ፣ በባችና በብዛት አዘጋጅተው ለተቆጣጣሪው ያመልክቱ፤ የሚወገደው በእነሱ ሥርዓትና ምስክርነት ነው። በሠፈሩ ቆሻሻ ገንዳ የተጣለ ጣሳ ልጆች እጅ ይገባል፣ ሽንት ቤት የተለቀቀም ወንዝ ውስጥ ይገባል።

መዝገቦቹንና ማዘዣዎቹን በተመለከተ የ1961ዱ ስምምነት ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆዩ ያዝዛል። የእኛ ምክር አምስት ዓመት ነው፤ ጥራዞቹ በወር በወር ታስረው ቦታ አይፈጁም፣ የድሮ ጉዳይ ሲነሣም መልስ አለዎት።

ኃላፊው ባለሙያ ሲቀየር፣ ለወሊድ ፈቃድም ቢሆን ለሳምንት ዕረፍት፣ አስረካቢውና ተረካቢው አብረው ቆጥረው በየገጹ ከመጨረሻው ቀሪ ሥር ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ቁልፉ እጅ የሚለዋወጠው ከፊርማው በኋላ ነው።